ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የከፍተኛ ትምህርት ገንዘብ ስለ መፈለግ

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፥ የድሬ ዳዋ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ በሚሰበስብበት በቀትር ሰዓት፥ አንድ ዓይነ ሥውር ወጣት እጁን በታናሽ ወንድሙ ትከሻ ላይ አኑሮ እኔ ወደምጽፍበት የፍርድ ቤት ክፍል ገባ። ጉዳዩን ብጠይቀው የስም ማስተካከያ ውሳኔ ለማውጣት የመጣ መሆኑን ነገረኝ። በልጅነቱ በተማረበት በዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ካርድ ላይ የአያቱ ስም በአንድ ፊደል፥ በዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ላይ ደግሞ በሌላ ፊደል ተጽፎ ስለ ተገኘ፥ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲያመለክት «የሁለቱ ስም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑ ይረጋገጥ» ተብሎ ነበር። እንዲህ ያለው ጉዳይ በጽሕፈት ቤታችን ዘወትር የሚቀርብ ስለ ሆነ አላስደነቀኝም። ያስደነቀኝ መዝገቡን ስከፍት ከማስረጃዎቹ መካከል ተደርቦ ያገኘሁት ሌላ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ በወንድሙ እጅ የተጻፈ፥ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ሒሳብ ነበር። ባንደኛው ዓምድ ራስ ላይ «ለእኔ»፥ በሁለተኛው ራስ ላይ «ለዓይኔ» ይላል። «ለእኔ» ከሚለው በታች የትምህርት ክፍያ፥ የቤት ኪራይ፥ ምግብና የአውሮፕላን ትኬት ተዘርዝሮአል። «ለዓይኔ» ከሚለው በታች ግን መጽሐፍ የሚያነብለት ሰው ደመወዝ፥ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፥ የብሬል ወረቀት፥ አዲሱን ከተማ እስኪለምድ ድረስ መንገድ የሚመራው ሰው፥ ለፈተና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የወንድሙ መሳፈሪያና ማደሪያ ተጽፎ፥ ድምሩ የመጀመሪያውን ዓምድ ግማሽ ያህል ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፥ አምና የቀረሁት በመጀመሪያው ዓምድ አይደለም፤ በሁለተኛው ነው» አለኝ። ነገሩም እንዲህ ነበር። በአንድ የውጭ አገር ትምህርት ቤት፥ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ የትምህርቱን ክፍያና የኑሮውን ገንዘብ የሚችል ዕድል ለማግኘት ማመልከቻ ሲሞላ፥ የአካል ጉዳት እንዳለው የሚጠይቀውን መስመር «ካወቁ አይቀበሉኝም» ብሎ ፈርቶ ባዶውን ተወው። ከተቀበሉት በኋላ አንባቢ እንደሚያስፈልገው ቢጽፍላቸው፥ የዓመቱ በጀት ተደልድሎ ያለቀ መሆኑን በትሕትና መለሱለት። ገንዘቡን ከዘመድ ከወዳጅ ለማሰባሰብ ሲደክም የመግቢያው ቀን አለፈ።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጽ ልንናገር ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዓምድ ነው። የትምህርት ክፍያ የሚሰጥ መንግሥትና ማኅበር በብዙ አገር አለ፤ ተማሪውም ወላጆቹም የሚፈልጉት እርሱን ነው። ሁለተኛውን ዓምድ ማን እንደሚችለው አስቀድሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ትጉ ልጅ የቀረው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በዚህ በኩል ነው።

የድሬ ዳዋ ሰው ሒሳብ ያውቃል። ከተማዪቱ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ስለ ደረሰ የተቆረቆረች ናትና፥ ዕቃው ስንት ኪሎ፥ ቀረጡ ስንት፥ ትኬቱ ስንት ብሎ መቁጠር የልጆችዋ ልማድ ነው። እንግዲህ እንቁጠር። ኤምባሲዎቹም፥ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎችም ያሉት በአዲስ አበባ ነው፤ መንገዱም 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዓይኑ የሚያይ ተማሪ አንድ ትኬት ቆርጦ ይሄዳል። ዓይነ ሥውሩ ሁለት ትኬት ይቆርጣል፤ ሁለት አልጋ ይከራያል፤ ሁለት ምሳ ይከፍላል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ደግሞ ወንበሩን ወደ አውቶቡሱ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰው፥ ደረጃ የሌለው ማደሪያም መፈለግ አለበት። ይህ ሁሉ የሚወጣው ገና አንድ ሳንቲም የትምህርት ገንዘብ ሳይገኝ ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በጎረቤታችን በግብፅ እ.ኤ.አ. በ1889 የተወለደው ጣሃ ሑሴን በሕፃንነቱ ዓይኑን ታሞ ባላዋቂ ሕክምና ታወረ። በቃሉ እየሸመደደ በአል አዝሃር ተማረ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ተከፈተው ወደ ግብፅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1914 ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ወደ ፈረንሳይ አገር ይላክ ዘንድ ሲያመለክት ግን ወዲያው አልተፈቀደለትም፤ ደጋግሞ መጻፍ ነበረበት። በመጨረሻ በዚያው ዓመት ወደ ሞንፔሊዬ ተላከ። አንድ ዓመት ሳይሞላው ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ስላጠረው ተማሪዎቹን ሲጠራ እርሱም ወደ ካይሮ ተመለሰ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ገንዘቡ እንደ ገና ተገኝቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። በሶርቦን ስለ ኢብን ኻልዱን የጻፈውን መጽሐፍ ያዘጋጀው ሱዛን የምትባል ፈረንሳዊት እያነበበችለት ነው፤ እርስዋም እ.ኤ.አ. በ1917 ሚስቱ ሆነች። ያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950 የግብፅ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ።

ከዚህ ታሪክ እኛ የምንመለከተው አንባቢዋን ነው። ለዚህ ሰው የሁለተኛውን ዓምድ ትልቁን ሸክም የተሸከመው ፍቅር ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተማሪ ሁሉ ሱዛንን አያገኝም፤ ትዳርም በበጀት መዝገብ አይጻፍም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ፥ በአማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው በሕመም ምክንያት የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ወደ ሻሸመኔ ተወስደው በካቶሊክ ሚሲዮን የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የመጀመሪያ፥ በማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ ተቀበሉ፤ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ስለ ደከሙም እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ሽልማት ከሌሎች ጋራ ተሸለሙ። ዓይናቸው ባይጠፋ ኖሮ እንደ መንደራቸው ልጆች በልጅነታቸው ሊዳሩ ይችሉ እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን መገኘቱ የታወቀ ነው፤ ጥያቄው ከእሳቸው በኋላ የሚመጡት በምን መንገድ ይለፉ ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ፥ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች፤ በሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የተቀበልነው ስምምነት የአገሩ ሕግ ክፍል ነው። በዚሁ ስምምነት አንቀጽ 24 በንዑስ አንቀጽ 5 አካል ጉዳተኞች ያለ ልዩነት የከፍተኛ ትምህርት ያገኙ ዘንድ፥ ለዚህም የሚያስፈልገው ማመቻቸት ይደረግላቸው ዘንድ ታዝዞአል። ከዚህ ይልቅ ለደመወዝተኛው የሚቀርበው ግን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። ይህ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣ አዋጅ፥ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ሥራውን ለመሥራት ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል የሚያስችለው ረዳት እንዲመድብለት ያዝዛል። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ብዙ አዋጅ አገላብጫለሁ፤ እንደዚህ ያለ ጠቃሚ ቃል ሰው ሳያነበው ተቀምጦ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። የሁለተኛው ዓምድ ስም በሕግ የተጻፈው እዚህ ላይ ነውና።

እንግዲህ ገንዘቡ ወዴት ይገኛል? አስቀድሞ በአገር ውስጥ ያለውን እንናገር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚገባ ሰው ወይ መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ችሎ ይልከዋል፥ ወይ በራሱ ገንዘብ ይማራል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ለድሬ ዳዋ ሰው የከተማው ዩኒቨርሲቲ በደጁ ነው፤ ሐረማያም ሩቅ አይደለም፤ ከቤተሰብ ሳይለዩ መማር ደግሞ ሁለተኛውን ዓምድ በብዙ ይቀንሰዋል። መንገዱን የሚያውቅ እግር፥ የሚያነብ እኅት፥ የተለመደ ጎረቤት ሁሉ በገንዘብ ሲተመን ቀላል አይደለም። ወደ ውጭ አገር የመሄድ ምኞት ያደረበት ወጣት ይህን ሒሳብ ሳይሠራ የቅርቡን እንዳይንቅ እንመክራለን።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የታሰበ ሥራ ተደርጎአል። እ.ኤ.አ. በ2017 የማስተርካርድ ፋውንዴሽን፥ በካናዳ የሚገኘው የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ለ10 ዓመት የሚቆይ ዕቅድ አወጡ። 450 ወጣቶች፥ በተለይም አካል ጉዳተኞችና በጦርነት ምክንያት ከቤታቸው የተፈናቀሉ፥ በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ እንዲማሩ የታሰበ ነው። ከዚያም ጋራ የጎንደር መምህራን ወደ ካናዳ እየሄዱ እንዲማሩ ተደረገ። የዚህን ዕቅድ ብልሃት የምናደንቀው ስለ ገንዘቡ ብዛት አይደለም። ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ተማሪው የሚገባበትን ቤት፥ የሚያስተምረውንም ሰው አብሮ ለማሰናዳት ስለ ታሰበ ነው። ዲግሪ ከፍሎ ደረጃ ያለበት ፎቅ ላይ ክፍል መስጠት ተሽከርካሪ ወንበር ለያዘ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? የቦታው ቁጥር የተወሰነ፥ ዘመኑም የተቆረጠ ስለ ሆነ፥ ፈላጊው የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ራሱ ይመልከት።

ከአገር ውጭ ካሉት ሦስቱን ብቻ እናነሣለን። የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት፥ በአጭሩ ዳአድ የሚባለው፥ የነፃ ትምህርት ዕድል ላገኙና የአካል ጉዳት ወይም የቆየ ሕመም ላለባቸው ተማሪዎች፥ በጉዳታቸው ምክንያት ለሚመጣ ሌላ ማንም ለማይከፍለው ወጪ እስከ 10,000 ኤውሮ የሚደርስ ተጨማሪ ገንዘብ በማመልከቻ ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት «ኤራስመስ ሙንዱስ» የተባለው ዕድል በወር 1,400 ኤውሮ ይሰጣል፤ ከዚህም ሌላ የተረጋገጠ የቆየ ጉዳት ላለበት ተማሪ ስለ ረዳት ሰው፥ ስለ ልዩ ዕቃና ስለ መጓጓዣ ራሱን የቻለ ድጋፍ አለው። የእንግሊዝ መንግሥት «ቺቭኒንግ» የሚለው ደግሞ የአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው፤ የሚያመለክቱበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሐምሌ መጨረሻ ወይም ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ወይም እስከ ጥቅምት ነው፤ ተማሪውም ጨርሶ ሲመለስ ሁለት ዓመት በአገሩ እንዲቀመጥ ያስገድዳል።

በእንግሊዝ አገር አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ከመንግሥት የሚሰጠው አበል ለዚያ አገር ነዋሪዎች የተመደበ ስለ ሆነ፥ ለትምህርት የመጣ የውጭ አገር ሰው አያገኘውም። ዩኒቨርሲቲው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የእኩልነት ሕግ መሠረት ተገቢውን ማመቻቸት የማድረግ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ቦታውን ከመቀበል በፊት ለዩኒቨርሲቲው የአካል ጉዳተኞች ጽሕፈት ቤት ጽፎ «አንባቢውን ማን ይከፍላል? የፈተናው ሰዓት ስንት ይጨመራል? መኝታ ቤቱስ?» ብሎ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። በቃል የተሰጠ ተስፋ በባሕር ማዶ እንደ እኛ አገር ጉም ነው።

አሁን ወደ አንድ ክፉ ቋጠሮ ደርሰናል። ዳአድ ለልማት ትምህርት ክፍሎች ከሚጠይቀው መካከል ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ አለ፤ የመጀመሪያው ዲግሪ ከተገኘም ከስድስት ዓመት በላይ እንዳያልፈው ይፈልጋል። ቺቭኒንግም 2,800 ሰዓት፥ ይህም የሁለት ዓመት ያህል ሥራ፥ ይጠይቃል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉ ነገር አላሰቡም፤ ሥራ ያየ ሰው ይሻላል ብለው ነው። ነገር ግን ዓይነ ሥውሩ ምሩቅ ሥራ ለማግኘት ስንት ዓመት ደጅ እንደሚጠና ሁላችን እናውቃለን። ጓደኞቹ በተመረቁ በሦስት ወር ሥራ ሲገቡ እርሱ አራት ዓመት ቢቆይ፥ ከዚያም ሁለት ዓመት ቢሠራ፥ ስድስቱ ዓመት አልቆ በሩ በፊቱ ይዘጋል። እንግዲህ ለከፍተኛ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ የሚጠፋው በአውሮፓ ሳይሆን፥ በየመሥሪያ ቤታችን «ይህ ልጅ ምን ሊሠራ ይችላል?» ተብሎ ማመልከቻው በተመለሰ ቀን ነው። ሥራ ላጣው ወጣት የምንለው፥ በማኅበርም በትምህርት ቤትም ያለ ደመወዝ ያገለገለበትን ጊዜ ሁሉ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይያዝ ነው፤ ቺቭኒንግ በፈቃድ የተሰጠ አገልግሎትንም ይቈጥራልና።

መስማት ለተሳነው ተማሪ ነገሩ ከዚህ ይለያል። ሰው ሁሉ የምልክት ቋንቋ በዓለም አንድ ይመስለዋል፤ አይደለም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቋንቋ ስለ ሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል አለው። ልጃችን ለንደን ቢሄድ የሚያገኘው አስተርጓሚ የእንግሊዝ ምልክት ቋንቋ የሚናገር ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ሳይጀመር አዲስ ቋንቋ የሚማርበት ጊዜና ገንዘብ በሁለተኛው ዓምድ መጻፍ አለበት። አስተርጓሚዎችም ሥራው አድካሚ ስለ ሆነ ረዥም ትምህርት ሲሆን ሁለት ሆነው እየተፈራረቁ ይሠራሉ። አንድ ሰው ብቻ አስቦ የጻፈ ተማሪ ገንዘቡ በግማሽ ዓመት ያልቅበታል።

ስለ ደብዳቤው አጻጻፍ ጥቂት እንበል፤ ይህ የእኔ ሙያ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ። «አካል ጉዳተኛ ስለ ሆንሁ እርዱኝ» የሚል ደብዳቤ ያሳዝናል እንጂ አይከፈልበትም። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ቁጥር ይፈልጋል። በሳምንት ስንት ገጽ እንደሚነበብ፥ ከዚያ በኮምፒዩተር ሊነበብ የሚችለው ስንቱ እንደ ሆነ፥ የቀረውን የሚያነብ ሰው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፥ በሰዓት ስንት እንደሚከፈለው፥ የትምህርቱ ሳምንት ስንት እንደ ሆነ ተባዝቶና ተደምሮ ይጻፍ። የጥናት ጽሑፉን ሲሠራ ወደ ገጠር የሚወጣ ከሆነ የረዳቱ አበል ከራሱ አበል ጎን ይግባ። የሐኪሙ ማስረጃ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ከነማኅተሙ ይያያዝ። የስሙ ፊደልም በሁሉ ወረቀት አንድ መሆኑ አስቀድሞ ይታይ፤ በመጨረሻው ሳምንት ወደ ፍርድ ቤት የሚሮጡት ብዙዎች ናቸው፤ ዳኛም መዝገብን በተራ ነው የሚያየው። የእንግሊዝኛ ፈተናም በብሬል ወይም በትልቅ ፊደል እንዲሰጥ የሚፈልግ ሰው ሦስት ወር ያህል አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት።

ጉዳቱን በማመልከቻው ላይ መግለጥ ይሻላል ወይስ መደበቅ? ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጆች ይጠይቁኛል። መፍራታቸውን አልነቅፍም፤ ተገልጦ የተጣለ ማመልከቻ አይቻለሁ። ነገር ግን ከላይ የጠራናቸው ተጨማሪ ገንዘብ የሚሰጡ ሁሉ የሚሰጡት ላወቁት ሰው ነው። የሚደብቅ ሰው የሚያተርፈው የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ነው፤ በእርሱ ብቻ ደግሞ መማር እንደማይቻል የዚያ ወጣት ነገር ያስረዳል። ስለዚህ የእኔ አስተያየት መግለጥ ነው፤ መግለጡም ከሒሳቡ ጋራ ይሁን።

ይህን ጋዜጣ የምታነቡ መኳንንትና ሹማምንት፥ ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ማኅተም አለ። ለአንድ ወጣት ስለ ጠባዩና ስለ ሥራው ምስክር የሚሆን ደብዳቤ ስትጽፉ «ዓይነ ሥውር ሆኖ ሳለ ትጉ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ በውጭ አገር ያለው አንባቢ ከዚህ ስለ ልጁ ሥራ የሚያገኘው ነገር የለም። የመረመረውን መዝገብ፥ ያስተማረውን ክፍል፥ ያዘጋጀውን ጽሑፍ በስሙና በቁጥሩ ጻፉለት። ለትምህርት የሚለቀቅ ሠራተኛ ሲመረጥም «እርሱ እዚያ ሄዶ ይቸገራል» እያላችሁ በርኅራኄ አታስቀሩት። ችግሩን እርሱ ከእናንተ ይበልጥ ያውቀዋል፤ መጠየቅ እንጂ ስለ እርሱ መወሰን አይገባም። በቤታችሁም አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላችሁ፥ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምታስገቡት እንደ ሆነ፥ ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ከመናገራችን በፊት ገና ስለ ፊደል መነጋገር ሊኖርብን ነው።

ከደላሎችም ተጠንቀቁ። በዚህ ከተማ «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» እያለ ከድሃ ቤተሰብ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ፤ የአካል ጉዳተኛ ወላጆች ደግሞ ተስፋቸው ትልቅ ስለ ሆነ ቶሎ ይሰጣሉ። ቺቭኒንግ ለማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቅም። ለመተርጐም፥ ለፈተና፥ ለፓስፖርት መክፈል ሌላ ነው፤ ለዕድሉ ራሱ መክፈል ግን በኋላ በእኛ ጽሕፈት ቤት የክስ መዝገብ ሆኖ የሚመጣ ነው።

ያ ወጣት በዚህ ዓመት በመስከረም ወር ወንድሙን አስከትሎ ተመልሶ መጣ። ውሳኔው ታትሞ ማኅተም ተደርጎበት ነበርና ሦስት ግልባጭ ሰጠሁት። ገጹን በጣቱ ቈጠረ፤ ከዚያም የብሬል ሰሌዳውንና መውጊያውን ከቦርሳው አውጥቶ «ጋሼ፥ የመዝገቡን ቁጥርና ቀኑን ይንገሩኝ፤ በፈረንጅም አቆጣጠር» አለኝ። እያነበብሁለት ወጋው። አዲሱን ማመልከቻ ለማየት ፈቃዱን ጠይቄ ነበርና ወንድሙ አሳየኝ፤ አምና ባዶ የቀረው መስመር ተሞልቶአል፤ ከበታቹም የሁለተኛው ዓምድ ሒሳብ በንጹሕ እንግሊዝኛ ተያይዞአል። የወንድሙ የጉዞ ገንዘብ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ብጠይቀው «እርሱን አጎታችን ቻለው» አለ። ለፈተናው በማግስቱ ሌሊት የሚነሡ ስለ ሆነ ከእኔ ዘንድ ወጥተው ወደ አውቶቡስ ትኬት ቢሮ ሄዱ፤ ሁለት ትኬት ሊቆርጡ።

መልሱ እስከ ዛሬ አልደረሰም።